ኦቲዝምና የሆድ ሕመም፦ ልዩ ሐኪም በሌለበት ስፍራ ምን ማድረግ ይቻላል?

ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚዘልቅ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ሲሆን፣ ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ በሚታይ ችግር፣ አንድን ነገር ደጋግሞ በመሥራትና ከለመዱት ሥርዓት ለመውጣት በመቸገር፣ እንዲሁም ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታንና ንክኪን ከሌላው ሰው እጅግ አብልጦ ወይም እጅግ አሳንሶ በመቀበል ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ከኦቲዝም ጋር ይኖር እንደነበር ገምቷል። በዚህ የሕክምና ትርጓሜ ውስጥ ጨጓራም ሆነ አንጀት አልተጠቀሱም። ኦቲዝም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ግን የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ ቃር፣ የሆድ መነፋትና ከሁለት ከሦስት ዓይነት ምግብ በቀር ሌላ አለመቅመስ ከንግግር መዘግየት ያላነሰ ጭንቀት ናቸው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሱት፣ ልጁን ከትምህርት፣ ቤተሰቡንም ከድግስና ከለቅሶ የሚያስቀሩት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ጥያቄው ሐኪም በሚበዛበት ከተማና ሐኪም በማይገኝበት ስፍራ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ጀበል ኩጁር ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ በስተምዕራብ ከሜዳው ብድግ ብሎ የሚታይ የድንጋይ ተራራ ሲሆን፣ በአካባቢው ድንጋይ ፈልጠውና ፈጭተው ጠጠር በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ በጦርነት የተፈናቀሉ ቤተሰቦችና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ነጋዴዎች ይኖራሉ። የሱዳንን የእርስ በርስ ጦርነት ካቆመው እ.ኤ.አ. የ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ፣ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ከወጣች ወዲህ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በሱቅና በውኃ ቦቴ ሥራ ወደ ጁባ ገብተዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘገባ በመላ አገሪቱ በሥራ ላይ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት ብቻ እንደነበሩ ጽፏል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ የኦቲዝም ምርመራ ለብዙ ወላጆች የማይደረስበት ነገር ነው። የሆድ ሕክምና ግን እንደዚያ አይደለም። ኦቲዝምን ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ በሌለበት ስፍራ እንኳ የሆድ ድርቀትን የሚያክምና ሰገራ የሚመረምር ተራ ክሊኒክ ይገኛል፤ ስለዚህም ኦቲዝም ያለበት ሰው ከሚሸከመው መከራ መካከል ዛሬውኑ ሊቀል የሚችለው ክፍል ይኸው የሆዱ ሕመም ነው፣ ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን የሚቀበል ሰው ከተገኘ።

የኦቲዝምና የሆድ ሕመም ትስስር አዲስ ግኝት አይደለም። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን በዝርዝር በገለጸበት ጽሑፍ ካቀረባቸው 11 ልጆች መካከል ገና ከጨቅላነታቸው ብርቱ የመመገብ ችግር የነበረባቸው ጥቂቶች አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች በቁጥር አይስማሙም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ የሆድ ችግር ያለባቸው የኦቲዝም ሰዎች ድርሻ በአንዱ ጥናት 4 በመቶ ገደማ፣ በሌላው 97 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የመካከለኛው ጥናት ውጤት 47 በመቶ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው አንዱ ተመራማሪ ወላጅን ሲጠይቅ ሌላው የሐኪም መዝገብ ስለሚያገላብጥ፣ አንዱ ምግብ መምረጥን ጭምር ሲቆጥር ሌላው የታወቀ በሽታን ብቻ ስለሚቆጥር ነው። ይበልጥ የሚያስተማምነው የንጽጽር ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣና 15 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሆድ ችግር የመታየቱ ዕድል ከሌሎች ልጆች ጋር ሲነጻጸር ከ4 እጥፍ በላይ መሆኑን፣ ለሆድ ድርቀትና ለተቅማጥም ለየብቻቸው ከ3 እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑን አግኝቷል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ምክንያት አልተገኘለትም፤ የመገኘቱም ተስፋ ጠባብ ነው፣ ምክንያቶቹ ብዙዎችና እርስ በርስ የሚመጋገቡ ናቸውና። በቅርብ የሚታየው ግን ገበታው ነው። በአሜሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከተለመደው የተለየ አመጋገብ 70 በመቶ በሚሆኑት የኦቲዝም ልጆች ላይ ሲያገኝ፣ በሌሎች ልጆች ላይ ያገኘው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ በአበሻ ቤት ምን መልክ እንደሚይዝ ለመረዳት ማዕዱን ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። የእንጀራው ኮምጣጣነትና ልስላሴ፣ በርበሬው፣ ወጡ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር በአንድ ትሪ ላይ መነካካቱ፣ የብዙ ሰው እጅ በአንድ ገበታ ላይ መመላለሱ፣ ሽታንና ንክኪን አብልጦ ለሚሰማ ልጅ ለእያንዳንዱ ጉርሻ ልዩ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር ነው። ጉርሻ ራሱ የፍቅር መግለጫ ሆኖ ሳለ፣ ባልጠበቀው ጊዜ የሌላ ሰው ጣት አፉ ውስጥ የሚገባበት ልጅ ግን ደንግጦ ሊተፋው ይችላል፤ እንግዳውም «በሞቴ» እያለ ሲደግም ልጁ ገበታውን ጭራሽ ይሸሻል። በመጨረሻም ቤተሰቡ ልጁ ወደሚቀበለው፣ ማለትም ወደ ዳቦ፣ ወደ ማኮሮኒ፣ ወደ ብስኩትና ስኳር ወደበዛበት ሻይ ያደላል፤ ይህ ደግሞ አንጀትን የሚያንቀሳቅሰው የአትክልትና የጥራጥሬ አሰር የጎደለበት ምግብ ስለሆነ ድርቀትን ይጠራል። ጥበቱ እጅግ ሲከፋ የቪታሚን እጥረት ያስከትላል፤ በበለጸጉ አገሮች እንኳ ለዓመታት ፍራፍሬና አትክልት ያልቀመሱ የኦቲዝም ልጆች በቪታሚን ሲ እጥረት ድዳቸው ሲደማና መራመድ ሲያቅታቸው የተመዘገበበት ጊዜ አለ።

ይህ የገበታ ጉዳይ በአንጀት ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ለሚነሣው ክርክርም መልስ ይሰጣል። በኦቲዝም ሰዎች አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከሌላው ሰው የተለዩ መሆናቸው በበርካታ ጥናቶች በመታየቱ፣ ኦቲዝምን የሚያመጡት እነርሱ ናቸው የሚል መላ ምት ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሪዞና በ18 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ የጤነኛ ሰው የአንጀት ባክቴሪያ ሲሰጣቸው የሆዳቸውም የባሕርያቸውም ሁኔታ እንደተሻሻለ ቢያመለክትም፣ ሕክምናው ያልተሰጠው የኦቲዝም ልጆች ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ፍርድ ሊሰጥበት አይችልም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ሴል በተባለው መጽሔት የወጣና 247 ልጆችን ያጠቃለለ የአውስትራሊያ ጥናት ነገሩን ገልብጦ አሳይቷል፤ ኦቲዝም የምግብ ምርጫን ያጠብባል፣ የጠበበው ምግብም የባክቴሪያዎቹን ዓይነት ያመናምናል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት የበለጠ አሳማኙ ማስረጃ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ወላጅ በየቀኑ በገበታው ላይ ከሚያየው ጋር ይስማማል።

ከገበታው ቀጥሎ መጸዳጃው አለ፣ እርሱም ከሚገባው በታች የተነገረለት ጉዳይ ነው። በጁባ ዳርቻም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች መጸዳጃው ለብዙ ቤተሰብ የጋራ የሆነ ጉድጓድ ነው፤ ጨለማ ነው፣ ሽታው ይከብዳል፣ ዝንብ ይርመሰመስበታል፣ ቁጢጥ ሲሉ ከሥር የሚታየው ቀዳዳ ያስፈራል፣ ከደጅ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ያንኳኳል። ስሜቱ የሰላ ልጅ ይህን ለመሸሽ ሰገራውን ይይዛል። በተያዘ ቁጥር ሰገራው ውኃውን እያጣ ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ልጁም ሕመሙን አስታውሶ በሚቀጥለው ጊዜ አብልጦ ይይዛል። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት ሲያልፉ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ይለጠጥና የመውጣት ስሜቱን ራሱን ያጣል፤ አዲስ የሚመጣው ፈሳሽ ሰገራ በደረቀው ዙሪያ እያፈተለከ ልብስ ያበላሻል። እናትና አባት ይህን ሲያዩ ተቅማጥ ይመስላቸዋል፣ የተቅማጥ ማቆሚያም ይሰጣሉ፤ መድኃኒቱም ድርቀቱን ያጠነክረዋል። ብዙ የኦቲዝም ሰዎች ረኃብን፣ ጥማትንና የመጸዳዳት ፍላጎትን የሚያሳውቀው የውስጥ ሰውነት ስሜት የሚደበዝዝባቸው መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል።

ሕክምናው ግን ረቂቅ አይደለም። አስቀድሞ የተከማቸው ሰገራ በሐኪም በታዘዘ የሰገራ ማለስለሻ፣ ለምሳሌ በማክሮጎል ወይም በላክቱሎስ፣ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከዚያም መጠኑ ተቀንሶ ለወራት ይቀጥላል፣ የተለጠጠው አንጀት ወደ ቦታው የሚመለሰው በዝግታ ነውና። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ሆዱ ለጥቂት ቀን ሲለሰልስ መድኃኒቱን በማቋረጥ ነው። ምግብ ወደ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚንቀሳቀስ፣ ልጁ ከቁርስና ከራት በኋላ እግሩ መደገፊያ አግኝቶ ለጥቂት ደቂቃ በፖፖ ላይ እንዲቀመጥ ማስለመድ ይረዳል፤ ፖፖው ብርሃን ባለበትና ሰው በማያንኳኳበት በቤቱ ጥግ ቢሆን ይመረጣል። በአገር ቤት ለሆድ ድርቀት የሚጠጣው ተልባም በቂ ውኃ እስከተጨመረበት ድረስ ጠቃሚ አሰር ነው፣ ልጁ ከተቀበለው።

ጭንቀትና መድኃኒትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣና ወደ 3,000 የሚጠጉ የኦቲዝም ልጆችን የያዘ የአሜሪካ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የሆድ ችግር ያለባቸው ልጆች ጭንቀታቸውም የስሜት ሕዋሳቸው ንቃትም ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ለቁጣና ራስን ለመጉዳት የሚታዘዘው ሪስፔሪዶን የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ ድርቀትም ሊያመጣ ይችላል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት ማቅለሽለሽና የሆድ ቁርጠት፣ ለደም ማነስ የሚታዘዘው የአይረን ሽሮፕም ድርቀት ያስከትላሉ። ስለዚህ ስለ ሆድ የሚጠይቅ ሐኪም ልጁ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ መጠየቅ ይኖርበታል።

እስካሁን የተባለው በየትኛውም አገር ይሠራል። በጁባ ላይ የሚጨመር ግን አለ። ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከነጭ ዓባይ እየተቀዳ በቦቴ የሚታደል ሲሆን፣ ኮሌራ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደጋግሞ ጎብኝቷታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የኦቲዝም ልጅ ተቅማጥ ከኦቲዝሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ጃርዲያ፣ አሜባ ወይም ሌላ ጥገኛ ሊሆን ይችላል፤ አፈርና ቆሻሻ አፉ የሚያስገባ ልጅ ለአንጀት ትላትል ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ብርቱ ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ የማይወደውን ፈሳሽ አልጠጣም ስለሚል ሰውነቱ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ስለዚህ የሕይወት አድን ንጥረ ነገርን ጣዕም ልጁ በደኅናው ጊዜ በማንኪያ እንዲለምደው ማድረግ አርቆ ማሰብ ነው። በደቡብ ሱዳን ምዕራብ ኢኳቶሪያ፣ በሙንድሪና በማሪዲ አካባቢ፣ ልጆችን የሚያጠቃ የራስ መነቅነቅ ሕመም መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ይህ ምግብ ሲታይ ወይም ሲቀመስ የሚነሣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ስለሆነ፣ በገበታ ላይ አንገቱን እየደፋ መብላት የሚያቆም ልጅ ምግብ መራጭ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕመሙ ቃል የማያገኝ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ በፔዲያትሪክስ የወጣ የባለሙያዎች የጋራ ሰነድ እንደሚለው፣ የማይናገር ወይም ሕመሙን ለይቶ መግለጽ የማይችል ሰው የሆዱን ሥቃይ በድርጊት ይገልጸዋል፤ ሆዱን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ይጫናል፣ ያለወትሮው ይጎብጣል፣ ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል፣ ልብሱን ያኝካል፣ ሌሊት ይነሣል፣ ራሱን ይመታል፣ ሌላውንም ይነክሳል። ጉሮሮ መጥረግና ከምግብ በኋላ ማልቀስ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የመመለሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሰነዱ ከሌላው ልጅ የማያንስ ምርመራ እንዲደረግ የጠየቀውም ሐኪሞች የታየውን ሁሉ ለኦቲዝሙ ሰጥተው ምርመራውን የመተው ልማድ ስላላቸው ነው። ይህ ልማድ በአፍሪካ ብቻ የሚገኝ አይደለም፣ ብዙ ሐኪም ባለበትም የታወቀ ነው።

በኢትዮጵያ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ትርጓሜው ሌላ አቅጣጫም ይይዛል። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች 102 ተንከባካቢዎችን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ 40 በመቶ የሚሆኑት የልጃቸውን የዕድገት ችግር ከመንፈስ ጋር እንዳያያዙት፣ 30 በመቶ የሚሆኑትም የጭንቅላት ጉዳትን እንደ ምክንያት እንደጠቀሱ አሳይቷል። ብዙ ልጅ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነው። የእምነቱ መጽናኛነት ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ስለሆነ እርሱን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ ሕመሙን መናገር ለማይችል ልጅ ከባድ እንደሆነ ለካህናቱም ለወላጆቹም መነገር አለበት። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበልና መድኃኒት ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ለዚህም ጥሩ አብነት ነው።

ሕመሙን ከመናቅ ባልተናነሰ የጎዳው ሆድን የኦቲዝም ሥር አድርጎ «ማዳን» ነው። የብሪታኒያው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው መጽሔት 12 ልጆችን ጠቅሶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከአንጀት ብግነትና ከኦቲዝም ጋር ያያዘበት ጽሑፍ ሐሰትነቱ ተረጋግጦ በ2010 ተሠረዘ፣ እርሱም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ያወጣው ወሬ ግን እስከ ዛሬ ልጆችን ከክትባት ያስቀራል። በዚያው በ1998 ሴክሬቲን የተባለ የአንጀት ሆርሞን 3 ልጆችን አሻለ ተብሎ ወላጆች ሲሻሙበት፣ በ1999 በ60 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ ከጨው ውኃ መርፌ እንደማይሻል አሳየ። ከሁሉ የከፋው የበረኪና ዘመድ የሆነውን ክሎሪን ዳይኦክሳይድን ማጠጣትና በፊንጢጣ መስጠት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010ም በ2019ም ያስጠነቀቀበት ይህ ኬሚካል የአንጀትን ሽፋን እየላጠ ሲያወጣ፣ ወላጆች ትል የወጣ መስሏቸው መጠኑን ይጨምራሉ። ስለ ኮሶም እዚህ ላይ አንድ ቃል መጨመር ተገቢ ነው፤ ሰገራው ሳይመረመር ኦቲዝም ላለበት ልጅ ኮሶ ማጠጣት፣ መጠኑ ሲበዛ የሚመርዝን ነገር ምን እንደተሰማው ሊናገር ለማይችል ሰው መስጠት ነው።

ግሉተን የተባለውን የስንዴና የገብስ ፕሮቲንና ኬዚን የተባለውን የወተት ፕሮቲን ከምግብ ማስወጣት በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ የተስፋፋ የኦቲዝም አመጋገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በ14 ልጆች ላይ የተደረገ ጥብቅ ሙከራ በባሕርይም በሆድም ላይ ለውጥ አላገኘበትም። በምዕራቡ ዓለም ይህ አመጋገብ ውድ ነው፤ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ግን ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለውም፣ የጾም ገበታም ወተት የለውም፣ ስለዚህ በሽሮና በምስር የሚጾም ቤት ሳያስበው አመጋገቡን ይከተላል ማለት ይቻላል። በጁባ የሚበላው የማሽላ ኪስራም የስንዴ ዱቄት ካልተደባለቀበት እንዲሁ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው እንጀራም ኪስራም ብዙ ጊዜ የተደባለቀ መሆኑን ግን ማወቅ ያሻል። ስንዴ በእውነት የሚጎዳቸው ሴሊያክ የተባለው የአንጀት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ የደም ምርመራው ውጤት የሚታመነው ልጁ ስንዴ እየበላ ሳለ ከተደረገ ብቻ ስለሆነ፣ ከምርመራው በፊት ማቆም ስሕተት ነው። ወተት የሚነፋው ልጅም ለሁለት ሳምንት ወተት ተከልክሎ ሊታይ ይችላል። አምስት ዓይነት ምግብ ብቻ ከሚበላ ልጅ ላይ ያለ ምርመራ ሁለቱን መቀነስ ግን በረኃብ ላይ ረኃብ መጨመር ነው።

ልጆቹ ማደጋቸውም አይቀርም፣ ስለ አዋቂዎቹ የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ቴምፕል ግራንዲን፣ ራሷ ከኦቲዝም ጋር የምትኖር፣ ብርቱ ጭንቀቷና የአንጀት ሕመሟ አብረው ይነሡ እንደነበርና የጭንቀት መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ሁለቱም እንደቀለሉላት ጽፋለች። መናገር የሚችል አዋቂ እንኳ ጩኸትና ወረፋ የበዛበትን ክሊኒክ ስለሚሸሽ፣ የሚያመው ቦታ የት እንደሆነ ሲጠየቅም በቶሎ መለየት ስለሚያቅተው፣ ሕመሙ ሳይታይለት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ለእርሱ የሚረዳው ከቀጠሮው አስቀድሞ የሕመሙን ጊዜ፣ የበላውንና የሰገራውን ሁኔታ ጽፎ መምጣት፣ በሐኪሙ በኩል ደግሞ ወረፋው ሳይበዛ በማለዳ መቀበል ነው።

በኢትዮጵያ የኦቲዝም ጉዳይ ከቤት ጓዳ የወጣው በወላጆች ድፍረት ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመችው የራሷን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣቷ ሲሆን፣ በ2021 በሞት እስከተለየችበት ጊዜ ድረስ ድምፅዋን አላቋረጠችም፤ ከእርሷ በኋላም ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ተነሥተዋል። ከማዕከላቱ ውጭ ላለው ሰፊ ሕዝብ ደግሞ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተሰጠው የልጆች የአእምሮ ጤና ሥልጠናና የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና በኢትዮጵያ መሞከሩ ተስፋ ሰጪ ነው። በእነዚህ ሥልጠናዎች ውስጥ ስለ ሆድ ድርቀትና ስለ ሕመም ምልክቶች የሚሰጠው ክፍል ሰፋ ቢል፣ ጥቅሙ ከማንኛውም ሌላ ምዕራፍ አያንስም።

በጁባ ያሉ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበራት፣ ቤተ ክርስቲያናትና ክሊኒክ የከፈቱ የጤና ባለሙያዎች የሆድ ሕመምን መመርመርና ማከም ለመጀመር የአእምሮ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። ሆድን በእጅ መዳሰስ፣ ሰገራ መመርመር፣ ክብደትና ቁመት መለካት፣ መድኃኒቶችን መጠየቅ፣ ለማይናገር ልጅ ደግሞ የሆድ፣ የጥርስና የራስ ሥዕል ባለበት ወረቀት ላይ የሚያመውን እንዲጠቁም ማስለመድ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ይቻላል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ባሕርዩ በድንገት ሲለወጥ፣ እንቅልፍ ሲያጣ ወይም ራሱን መምታት ሲጀምር፣ የቁጣ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሆዱ ይታይለት።